የቀለበት ትራንስፎርመር ዙር ሳይፈታ መቁጠር፦ መስክ በሌለበት የተዘረጋ ሽቦ ቮልቴጅ ከየት ያገኛል?

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)

ከምናለሽ ተራ የገዛሁት የቀለበት ቅርጽ ያለው ትራንስፎርመር ጽሑፉ ተፍቆ ስለጠፋ፣ የጥቅሎቹን የዙር ብዛት ሳልፈታው ማወቅ ፈለግሁ። ባለሽፋን ቀጭን ሽቦ በቀለበቱ ቀዳዳ 10 ጊዜ አሾልኬ ዋናውን ጥቅል ከመብራት ጋር ሳገናኘው ቴስተሩ በቀጭኑ ሽቦ ላይ 2.5 ቮልት፣ በሁለተኛው ጥቅል ላይ ደግሞ 24 ቮልት አሳየ። ያልገባኝ የሚከተለው ነው። ሽቦውን ከቀለበቱ ጋር አጥብቄ ብጠመጥመውም ሆነ በሰፊው አላልቼ ብተወው ንባቡ አይለወጥም፤ በቀዳዳው ሳላሳልፍ ጎኑ ላይ ብቻ ጠቅልዬ ባስጠጋው ግን ምንም አይነበብም። እንደተማርነው ከሆነ በእንዲህ ያለ ኮር (ጥቅሎቹ የተጠመጠሙበት ብረት) መግነጢሳዊ መስኩ ከብረቱ ውጪ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ታዲያ መስኩ በማይደርስበት ቦታ የተዘረጋው ሽቦ በብረቱ ውስጥ ያለው ለውጥ እንዴት ይሰማዋል?

መልስ 1 (የሞተርና የትራንስፎርመር ጥቅለላ ባለሙያ፣ ፒያሳ)

ወንድሜ፣ ፊዚክሱን ለመምህራን ትቼ ስለ ቆጠራው ልመልስልህ። ከ10 ዙር 2.5 ቮልት ካገኘህ ለአንድ ዙር 0.25 ቮልት ይደርሰዋል፤ መብራቱ በእርግጥ 220 ከነበረ ዋናው ጥቅል ወደ 880፣ ሁለተኛው ወደ 96 ዙር አለው ማለት ነው። «በእርግጥ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ምሽት ላይ ሰው ሁሉ ምጣዱን ሲሰካ መብራቱ ከ220 በደንብ ሊወርድ ስለሚችል፣ ወደ ዋናው ጥቅል የሚገባውንና ከሙከራ ሽቦው የሚወጣውን በአንድ ሰዓት ለክተህ አካፍል። ምንነቱ ያልታወቀ ትራንስፎርመር ስትሰካ ደግሞ በመጀመሪያ ጊዜ ባለክር አምፖል በተከታታይ አስገባ፤ አምፖሉ ደምቆ ከበራ ውስጡ የተቃጠለና የተገናኘ ዙር ሳይኖር አይቀርም።

መልስ 2

ከብረቱ ሾልኮ የሚወጣ ትንሽ መስክ አይጠፋም፤ ሽቦውን የሚያገኘው እሱ ይመስለኛል።

መልስ 3 (የፊዚክስ መምህር)

ሾልኮ የሚወጣው መስክ ቢሆን ኖሮ ሽቦው ከኮሩ በራቀ ቁጥር ንባቡ መቀነስ፣ በጎኑ ላይ የተጠጋው ጥቅልም አንድ ነገር ማሳየት ነበረበት፤ ጠያቂው ያየው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው። የፋራዴይ ሕግ የሚጠይቀው ሽቦው ራሱ በመስክ ውስጥ መሆኑን ሳይሆን፣ ሽቦው በከበበው ስፋት ውስጥ የሚያልፈው ጠቅላላ መግነጢሳዊ ፍሰት በምን ፍጥነት እንደሚለወጥ ነው። ፍሰቱ ከሞላ ጎደል በሙሉ በብረቱ ውስጥ ስለሚዞር፣ በቀዳዳው ያለፈ ዙር ጠባብም ሆነ ሰፊ ያንኑ ፍሰት ይከብባል፤ በቀዳዳው ያላለፈው ምንም አይከብብም።

«እንዴት ይሰማዋል?» ለሚለው፣ የሚለዋወጠው ፍሰት በዙሪያው የሚሽከረከር የኤሌክትሪክ መስክ ይፈጥራል፤ ይህ መስክ መግነጢሱ በማይደርስበት፣ ከብረቱ ውጪ ባለው ቦታም አለ፣ በሽቦው ውስጥ ያሉትን ኤሌክትሮኖች የሚገፋውም እሱ ነው። ከባትሪ ምሳሌዎች ጋር የለመደ ተማሪ እዚህ ላይ የሚደናገረው በሁለት ነጥቦች መካከል ሁልጊዜ አንድ ቮልቴጅ ብቻ አለ ብሎ ስለሚጠብቅ ነው፤ በዚህ ዓይነት መስክ ግን የቴስተሩ ገመድ በኮሩ በየትኛው ወገን እንደዞረ ንባቡን ይለውጠዋል።

ፋራዴይ በ1831 እ.ኤ.አ. የሞከረበትም የብረት ቀለበት ነበር። አንዱን ጥቅል ከባትሪ ጋር ሲያገናኝና ሲያላቅቅ ብቻ በሌላው ጥቅል በኩል ያለው መርፌ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ጅረቱ ሳይለወጥ ሲፈስ ፍሰቱ በቀለበቱ ውስጥ ቢኖርም መርፌው ወደ ቦታው ይመለስ ነበር። በእርስዎ ትራንስፎርመር ደግሞ ፍሰቱ በ50 ኸርዝ ይመላለሳል። የአንዱን ዙር 0.25 ቮልት ለ4.44 (ለሳይን ሞገድ ቮልቴጅ የሚያገለግል ቋሚ ቁጥር) እና ለ50 ብዜት ቢያካፍሉት ከፍተኛው ፍሰት ወደ 1.1 ሚሊዌበር እንደሆነ ያገኛሉ፤ ዙር መቁጠርም ሆነ ብረቱን መክፈት አላስፈለገም።

ጠያቂው

አመሰግናለሁ። እንግዲያው ቀለበቱን ከብረት ሣጥን ጋር የሚያስረው፣ በቀዳዳው መካከል የሚያልፈው ብሎንም አንድ ዙር ሊሆን ነው?

መልስ 1

ብሎኑ አንድ ጫፉ ብቻ ሣጥኑን ከነካ ዙሩ ክፍት ስለሆነ ችግር የለውም። ላይኛው ጫፍ ክዳኑን ከነካና ክዳኑ ከሣጥኑ ጋር ከተያያዘ ግን የተዘጋ ዙር ይሆናል። 0.25 ቮልት ትንሽ ይመስላል፤ የብሎኑና የሣጥኑ ተቃውሞ በድምሩ አንድ ሺህኛ ኦም ቢሆን ስሌቱ 250 አምፔር ይሰጣል፤ ትራንስፎርመሩ ያን ያህል ማውጣት ባይችል እንኳ ለመቃጠል የሚበቃውን ያወጣል። ስለዚህ ከብሎኑ ራስ በላይ ክፍተት ተው፣ ወይም በክዳኑና በብሎኑ መካከል ወፍራም ፕላስቲክ አስገባ።