የእማዬ ኮሌስትሮል 236፣ ሬሾው ግን 3.8 ኖርማል ይላል፣ የቱን ልመን?

የኮዬ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ እማዬ 58 ዓመቷ ነው፣ እዚሁ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አብረን ነው የምንኖረው። ሰሞኑን ደከመኝ ደከመኝ ስትል ወስጄ አስመረመርኳት፣ ቶታል ኮሌስትሮል 236፣ ኤችዲኤል (ጥሩው የሚባለው ኮሌስትሮል) 62፣ ኤልዲኤል (መጥፎው የሚባለው) 150፣ ትራይግሊሰራይድ (ሌላ የደም ቅባት) 120። ስኳር የለባትም ግፊቷ ግን ሁለቴ ተለክቶ ሁለቴም 150/95 ነው። ጎረቤታችን ወረቀቱን አይታ ሬሾው ጥሩ ከሆነ ሌላውን ተይው አለቻት፣ እሷም ደስ ብሏት ሐኪም ጋር አልመለስም እያለች ነው። በጣም ጨንቆኛል፣ የሚያውቅ በናታችሁ ያስረዳኝ።

ላብ ነኝ፦
አይዞሽ እህቴ። ሬሾ የሚባለው ቶታሉ ለኤችዲኤል ሲካፈል ነው፣ 236 ለ62 ስታካፍዪው 3.8 ይመጣል፣ ከ5 በታች ከሆነ ጥሩ ከ3.5 በታች ደግሞ የተሻለ ይባላል። የሚጠቅመው ቶታል ብቻውን ስለሚያሳስት ነው። ቶታሉ 190 የሆነ ሰው ደህና ነህ ተብሎ ይሸኛል፣ ኤችዲኤሉ 32 ከሆነ ግን ሬሾው 6 ሊሞላ ምንም አይቀረውም፣ እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ቦርጭ አለው ትራይግሊሰራይዱም ከፍ ያለ ነው። ሌላ ላብ ቁጥሩን በሌላ መለኪያ፣ በሚሊሞል፣ ቢሰጥሽም ሬሾው ያው ነው አይቀየርም።

ሲስተር ከለገጣፎ፦
ወንድሜ ያልከው ልክ ነው፣ ግን ጥሩ ሬሾ ኤልዲኤሉን አያጠፋውም። ደም ስር ግድግዳ ውስጥ ገብቶ የሚጠራቀመው እሱ ነው፣ ኤችዲኤሏ 62 ስለሆነ 150ው 100 አይሆንም። ኤችዲኤልን በመድኃኒት ከፍ እናድርግ ተብሎ ኒያሲንም ቶርሴትራፒብም ተሞክረው ነበር፣ ቁጥሩ ከፍ አለ ሃርት አታክ ግን አልቀነሰም። እኔ ከሬሾው ይልቅ ከቶታሉ ላይ ኤችዲኤሉን መቀነስ ነው የምወደው፣ የእናትሽ 174 ይመጣል፣ መጥፎው ሁሉ ተደምሮ ማለት ነው፣ ከ130 በታች ቢሆን ይመረጣል።

ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ግን ግፊቷ ነው!! የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2019 ባወጣው የሪስክ ቻርት (የልብ ሕመምና የስትሮክ አደጋ መገመቻ ሰንጠረዥ) ላይ ዕድሜ፣ ፆታ፣ ሲጋራ፣ ስኳር፣ የላይኛው ግፊትና ቶታል ኮሌስትሮል ነው የሚታየው፣ ሬሾ የሚባል የለበትም። ስታቲን (ኮሌስትሮል የሚቀንስ መድኃኒት) ያስፈልጋታል አያስፈልጋትም የሚለውን ሐኪሟ ይህን ሁሉ አይቶ ይወስን፣ የግፊቱ ነገር ግን ባይቆይ ጥሩ ነው። ደግሞ ደረቴን ጨመደደኝ ካለች ወይ ትንፋሽ ካጠራት ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል።

አባ መላ፦
ዘይቱንም እዩት እንጂ ጎበዝ! የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሹ ሳቹሬትድ ፋት (ኤልዲኤልን ከፍ የሚያደርገው የቅባት ዓይነት) ነው፣ ፆመኛ ነኝ ቅቤ አልነካም የሚል ሰው ሁሉ ወጡ በሱ እየተቁላላ ኤልዲኤሉ ከየት መጣ ይላል። አቅም ከፈቀደ ሱፍ ወይም ኑግ ዘይት፣ እሱም በልኩ፣ ጨውም ቀንሱላት ለግፊቱ።

የኮዬ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። በቃ ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ይዣት እሄዳለሁ። ሲስተር፣ ቡና ጠጥታ ብትለካ ችግር አለው እንዴ? ያለ ቡና ከቤት አትወጣም።

ሲስተር ከለገጣፎ፦
አዎ ከፍ ሊያደርገው ይችላል የኔ እህት፣ ከጠጣች ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይለፋት። እንደደረሳችሁ ወዲያው አትለካ፣ 5 ደቂቃ ጀርባዋን አስደግፋ ትቀመጥ፣ እግሯን አታነባብር፣ ክንዷ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፣ ሲለኩም አታውራ። ሁለቴ ይለኩላት፣ የላብ ወረቀቱንም እንዳትረሺው።