በታኅሣሥ ወደ ሲያትል፦ ዝናቡ፣ ጨለማውና ጾሙ

የአራት ኪሎዋ፦

ሰላም ቤተሰብ። እናቴንና የ9 ዓመት ልጄን ይዤ ከታኅሣሥ 10 እስከ ጥር 2 ሲያትል እህቴ ጋ ልንሰነብት ነው። ቪዛው ተገኝቷል፤ ትኬቱም በዋሽንግተን ዳለስ በኩል ተቆርጧል። እህቴ በዓሉንም ጨምሮ ሥራ ስለምትገባ ቀን ቀን ብቻችንን ነን፤ መኪና አንነዳም። እናቴ 67 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ጾመ ነቢያትንም አትገድፍም። ሰው ሁሉ «እዚያ ዝናቡ አያባራም» እያለ አስፈራራን። ጃንጥላና ወፍራም ካፖርት ከዚህ እንግዛ ወይስ እዚያው? በፈረንጆቹ ገና ዕለት ምን ክፍት ይሆናል? ልጅና ትልቅ ሰው ተይዞስ በዝናብ የት ይዋላል? በርበሬና ሽሮ ይዞ መግባት ይቻላል?

ካፊያ፦

እህቴ፣ የሲያትልን ዝናብ በሐምሌው የአዲስ አበባ ዝናብ አትለኪው። በዓመት ድምር ከሆነ እንዲያውም አዲስ አበባ ትበልጣለች፤ እዚህ ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር፣ እዚያ ከ1,000 ትንሽ ያነሰ። ልዩነቱ አወራረዱ ላይ ነው። የእኛው ከሰዓት በኋላ ዶፉን ያወርድና ያባራል። የእነሱ ከኅዳር እስከ ጥር ካፊያ ሆኖ ሲያንጠባጥብ ይውላል፤ በዓመት ዝናብ የሚነካቸው ቀናት ወደ 150 ይጠጋሉ። በታኅሣሥ ቀን 8፣ ሌሊት 3 ዲግሪ ገደማ ነው። በረዶ አልፎ አልፎ ብቻ ነው የሚጥለው፤ ሲጥል ግን ከተማው ዳገታማ ስለሆነ አውቶቡሶች መንገድ ይቀይራሉ፣ ያን ቀን ቤት መዋል ነው።

ሰውን የሚያንዘፈዝፈው ቅዝቃዜው ሳይሆን የራሰ ልብስ ነው። ስለዚህ ወፍራም ካፖርት ተይው፤ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ በማግስቱም አይደርቅም። ሦስት ስስ ልብስ መደረብ ይሻላል፦ ከሥጋ ቀጥሎ ጥጥ ያልሆነ የውስጥ ልብስ፣ ከዚያ ፍሊስ ወይም የሱፍ ሹራብ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ ኮፍያ ያለው ጃኬት። ጂንስ አንዴ ጉልበቱ ላይ ከራሰ እስከ ማታ እንደራሰ ነው፤ ለእናትሽ ጉልበት ደግሞ ከዚህ የከፋ የለም። ጋቢያቸውን ይያዙ፣ ግን ለቤትና ለአውሮፕላን። ጃንጥላ ካፊያው ከንፋስ ጋር በጎን ስለሚመጣ ብዙ አያድንም፤ ቶሎም ይገለበጣል።

ከዝናቡ የሚብሰው ግን ጨለማው ነው፤ ይህን ማንም አይነግርሽም። በዚያ ሰሞን ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ የምትጠልቀው 10 ሰዓት ከ20 አካባቢ ነው። በዚያ ላይ የ11 ሰዓት ልዩነት አለ፤ እዚያ ቀን 6 ሰዓት ሲሆን ሰውነታችሁ ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው ይላል። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ማንኛውንም የውጭ ፕሮግራም ከ3 እስከ 7 ሰዓት ጨርሱ። ከምሳ በኋላ የተያዘ ትኬት እንቅልፍ ላይ የተጣለ ገንዘብ ነው።

ባለ ሳልቫጁ፦

ካፊያ ያለው ልክ ነው፤ የት ይገዛ የሚለውን ግን ዘሎታል። ጃኬቱን እዚሁ፣ ጫማውን እዚያ ብትገዙ እመክራለሁ። ጃኬት ከአየር ማረፊያ ከወጣችሁበት ደቂቃ ጀምሮ ያስፈልጋል፤ ፒያሳ ብዙ ሱቅ ከፈረሰ ወዲህ አማራጩ ቢቀንስም መርካቶ ሳልቫጅ ውስጥ ጥሩ ጥሩ የዝናብ ጃኬት ይወጣል። ችግሩ ውጪው አዲስ መስሎ ውስጡ የሞተ መብዛቱ ነው። ሦስት ነገር እዩ።

መጀመሪያ ገልብጡት። ስፌቶቹ በሙሉ ከውስጥ በኩል በቀጭን ፕላስተር መሸፈን አለባቸው፤ ፕላስተሩ ከሌለ ወይም ከተላጠ ውሃው በመርፌ ቀዳዳ ይገባል። ቀጥሎ የውስጡን ፊት በእጅ እሹት፤ እንደ ፎረፎር ነጭ ነገር ከረገፈ ወይም ካጣበቀ ሽፋኑ አልቆለታል፣ መድኃኒትም የለው። ሦስተኛ፣ ሻጩን አስፈቅዳችሁ ትከሻው ላይ አንድ ማንኪያ ውሃ አፍስሱና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ውሃው ተንከባሎ ከወረደ ጥሩ ነው። ጨርቁ ላይ ከሰረገ በኋላ ውስጡ ደረቅ ከሆነም አይጣልም፤ ውሃ የሚገፋውን ቅብ እዚያ በሚሸጥ ስፕሬይ ማደስ ይቻላል። ውስጡ ከረጠበ ግን ትታችሁ ሂዱ። ልኩ ሹራብ ላይ ተደርቦ እጅ ወደ ላይ ሲነሣ ወገብ የማይገልጥ ይሁን። ኮፍያው ግንባር ላይ ጠርዝ ከሌለው መነጽር ለሚያደርግ ሰው ከንቱ ነው።

ያገለገለ ጫማ ግን አትግዙ፤ ሙጫው በእርጥበት ይለቃል። እዚያ ስትገዙ መለያው ላይ ያለው ዋጋ ታክስ እንደማይጨምር እወቁ፤ ካሸሩ ላይ ከ10 በመቶ በላይ ይጨመርበታል። ለማዘር ሶሉ ጎድጎድ ያለ ጎማ የሆነ፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ይሁን፤ መሀል ከተማው ዳገትና ቁልቁለት ነው፣ የረጠበ ቅጠል ደግሞ ያንሸራትታል። የራሰ ጫማ ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቁና ከሁለት ሰዓት በኋላ ቀይሩት። ማሞቂያ ላይ ከተቀመጠ ቆዳው ይሰነጠቃል።

ሻንጣ ዘጊ፦

ስለ በርበሬው፦ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣና ድርቆሽ ችግር የለባቸውም። ቡናም ይገባል፤ የተቆላ ቢሆን ግን ጥያቄ ያንሳል። ቋንጣ፣ ማንኛውም ሥጋ፣ ትኩስ ፍራፍሬና ቅጠል፣ የሚዘራ ዘር አይገባም። የያዛችሁትን ምግብ ሁሉ «ይዣለሁ» ብላችሁ ተናገሩ፤ የተናገረ ሰው ቢበዛ ዕቃው ይወሰድበታል፣ የደበቀ ግን ይቀጣል። ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው፦ ወደ አሜሪካ በሚበር አውሮፕላን ከ350 ሚሊ ሊትር (የአንድ ቆርቆሮ ለስላሳ ያህል) በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ሊከለከል ይችላል። ሽሮው በሙሉ በሚጫነው ሻንጣ ይግባ፤ በሁለት ፌስታል ታሽጎ ከልብስ ይለይ።

ዳለስ ላይ ሻንጣው «እስከ ሲያትል ነው» ቢባልም ራሳችሁ ትረከባላችሁ፣ ጉምሩክ ታሳልፋላችሁ፣ እንደገና ለሚቀጥለው በረራ ታስረክባላችሁ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ሻንጣው ቀበቶው ላይ ሲሽከረከር እሱ ወደ ቀጣዩ በር ይሮጣል። በሁለቱ በረራዎች መካከል ከ3 ሰዓት በታች ካለ ዛሬውኑ አስቀይሪ። ሁለቱ በአንድ ትኬት ካልሆኑ ደግሞ ከአዲስ የተፈቀደው በነፍስ ወከፍ ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ በአገር ውስጡ በረራ ላይ ላይሠራ ይችላል፤ ያስከፍሏችኋል።

ለእናትሽ ዊልቸር ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ለአየር መንገዱ አስመዝግቢ። ነጻ ነው። «እኔ እኮ እሄዳለሁ» ቢሉም አትስሚያቸው፤ የኢሚግሬሽኑ ሰልፍ ቆሞ የሚጠበቅ ነው፣ ብዙ ጊዜም አብሮ ያለው ቤተሰብ በዚያው ያልፋል።

ጋሽ ካርታ፦

ልጄ፣ የት ይዋላል ላልሽው፣ ቀኑን በአየሩ ምረጪ እንጂ አስቀድመሽ ፕሮግራም አትሙዪ። ስፔስ ኒድል የሚባለው የ1962 ግንብ 184 ሜትር ነው፤ ትኬቱ ውድ ነው፣ ደመና ሲወርድ ከላይ ነጭ ጉም ብቻ ነው የሚታየው። ጠዋት ተነሥተሽ ከከተማው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ያለው ሬኒየር ተራራ (4,392 ሜትር፣ ከራስ ዳሸን ትንሽ ቢያንስ ነው) ከታየ ያን ቀን ግዢ። ካልታየ እርሺው።

ለካፊያ ቀን የማደንቀው ጀልባውን ነው። ከመሀል ከተማው ኮልማን ዶክ ወደ ቤይንብሪጅ ደሴት 35 ደቂቃ ይወስዳል፤ ውስጡ ሞቃት ነው፣ መስኮቱ ሰፊ ነው፣ እናትሽ ተቀምጠው ባሕሩን ያያሉ። እግረኛ የሚከፍለው ሲሄድ ብቻ ነው፣ መመለሻው ነጻ፤ ልጅሽ በሁለቱም አይከፍልም። ኃይለኛ ማዕበል ባለበት ቀን ግን ጉዞ ይሰረዛል።

ጠንከር ያለ ዝናብ ሲመጣ (ከሃዋይ አቅጣጫ ሞቃት እርጥበት ሲነፍስ አንድ ሁለት ቀን ሙሉ ይዘንባል) ማዕከላዊው ቤተ መጻሕፍት አለ። በ2004 የተከፈተ ባለ 11 ፎቅ የመስታወት ሕንፃ ነው፤ ነጻ ነው፣ ሊፍት አለው፣ ለልጅ ሰፊ ክፍል አለው። ቮለንቲየር ፓርክ ያለው የመስታወት የአትክልት ቤትም ሙቀቱ ቆላ የገባሽ ያስመስልሻል፤ ሰኞ ዝግ ነው። አውሮፕላን ለሚወድ ልጅ የበረራ ሙዚየሙ ግማሽ ቀን ይበላል።

ታኅሣሥ 16፣ ማለትም የእነሱ ገና ዕለት፣ የፓይክ ፕሌስ ገበያና የበረራ ሙዚየሙ ዝግ ናቸው፤ ቤተ መጻሕፍቱም እንዲሁ። ባቡርና አውቶቡስ በእሑድ ፕሮግራም ይሠራሉ። ቻይናታውን አካባቢ ምግብ ቤት አይጠፋም። የእኛ ሰዎች ምግብ ቤቶችም ቼሪ ጎዳናና ሬኒየር ጎዳና አካባቢ አሉ፤ ብቻ ደውላችሁ ሂዱ።

ባቡሩ ከአየር ማረፊያ መሀል ከተማ እስካለው ዌስትሌክ ጣቢያ 40 ደቂቃ ገደማ ነው፣ 3 ዶላር። እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ አይከፍልም። «ኦርካ» የሚባለውን ካርድ አውጡ፤ ከአውቶቡስ ወደ ባቡር በ2 ሰዓት ውስጥ ሲቀየር ሒሳቡን ያያይዛል፣ በጥሬ ገንዘብ ግን ሁለቴ ይከፈላል። ጣቢያው በር ስለሌለው ሰው ካርድ ማስነካት ይረሳል፤ ተቆጣጣሪ ግን አለ።

የአራት ኪሎዋ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። እህቴ በእረፍት ቀኗ መብራቱን ለማየት ሌቨንወርዝ የሚባል የተራራ ከተማ እንሂድ ትላለች፤ ምን ትላላችሁ? ከቤት ውጭስ እናቴ የምትበላው ጾም ምግብ በምን ይታወቃል?

ካፊያ፦

ሌቨንወርዝ ያምራል፤ መንገዱ ነው የሚያስፈራው። ከ2 ሰዓት በላይ ይነዳል፣ ስቲቨንስ ፓስ የሚባለውን የተራራ መተላለፊያ ያቋርጣል። ከፍታው 1,238 ሜትር ብቻ ነው፣ ከአዲስ አበባ ግማሽ፤ ግን አገሩ ከእኛ ወደ ሰሜን ስለራቀ ሲያትል ከተማ ውስጥ የሚያካፋው እዚያ በረዶ ሆኖ ይቆለላል። ለጎማ ሰንሰለት የሚጠየቅበት ቀን አለ፣ መንገዱ ጭራሽ የሚዘጋበትም። እህትሽ የበረዶ ጎማ ከሌላት አትሂዱ። ካላችሁም ማለዳ ተነሥታችሁ የመንገድ ባለሥልጣኑን ገጽ አይታችሁ ውጡ፤ ቅዳሜና እሑድን ተዉት፣ መኪና ማቆሚያ አይገኝም። መሀል ከተማ ስታቆሙ ደግሞ ሻንጣም ቦርሳም ወንበር ላይ አትተዉ፤ መስታወት ይሰበራል።

ጋሽ ካርታ፦

ለጾሙ «ቬጀቴሪያን» ብለሽ አትዘዢ፤ እንቁላልና ወተት ይገባበታል። «ቪገን» በይ። ፓይክ ፕሌስ ገበያ ውስጥ የሚታወቀው ክላም ቻውደር የሚባል ሾርባ ክሬም አለው፣ ብዙ ጊዜ የአሳማ ሥጋም ይጨመርበታል፤ እናትሽ በስህተት እንዳይቀምሱት። የምስር ሾርባ ሲያዩ ደስ ቢላቸውም መረቁ ከሥጋ መሆን አለመሆኑን ጠይቂ። የእኛ ቤቶች በያይነቱ አላቸው። ታኅሣሥ 28 ለ29 አጥቢያ ለገና የሌሊት ቅዳሴ ከሄዳችሁ አውቶቡሱ በዚያ ሰዓት ስለሚመናመን መመለሻ መኪና ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ሻንጣ ዘጊ፦

አንድ ነገር ልጨምር። እዚያ መብራቱ 120 ቮልት ነው፣ ሶኬቱም ጠፍጣፋ ሁለት ጥርስ። ቻርጀር ላይ «100-240» ከተጻፈ ማያያዣ ብቻ ይበቃል፤ ከዚህ የሚሄድ የፀጉር ማድረቂያና ካውያ ግን በወጉ አይሞቅም፣ ኪሎ መሙያ ነው።