ኮምቦልቻ ላይ ኮድ ለሚማሩ ሴቶች ቡድን እንዴት ይቋቋም?

ጥያቄ፦ የደሴና የኮምቦልቻ ሴቶችን ማሰባሰብ ፈልገን ነበር። የቴሌግራም ግሩፕ ሲከፈት ይሞቃል፣ ሳምንት ሳይሞላው ጭጭ ይላል። ምን ይሻላል?

መልስ 1፦ እህቴ፣ ግሩፕ ብቻውን አያዛልቅም። ከ6 እስከ 8 ሰው ሆናችሁ በአካል ተገናኙ፣ ቅዳሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት። ዓርብ ጁምዓ፣ እሑድ ቅዳሴ አለ። ከዚያ ካመሸ ከደሴ የምትመጣዋ ልጅ ታክሲ ለማግኘት ትቸገራለች፣ ቤተሰብም ይከለክላል። ብዙዎቹ የሚቀሩት በዚህ እንጂ በስንፍና አይደለም።

መልስ 2፦ ለሁለት አንድ ላፕቶፕ ይበቃል፤ ግን በየ20 ደቂቃው ኪቦርዱን ተቀባበሉ። አለዚያ ፈጣኗ ትጽፋለች፣ ሌላዋ እያየች ቆይታ ትቀራለች። ኔት ሲጠፋ እንዳትቆሙ ትምህርቱን በኪዊክስ (ድረ ገጾችን ያለ ኔት የሚያስነብብ ነፃ ፕሮግራም) ቀድማችሁ ፍላሽ ላይ ጫኑ። ጊት (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግብ ፕሮግራም) ያለ ኔትም ኮሚት ያደርጋል፣ ማለትም ለውጡን ኮምፒውተሩ ላይ ይመዘግባል፤ ፑሹ፣ ወደ ኢንተርኔት መላኩ፣ ማታ ይደርሳል።

መልስ 3፦ የ5 ሚሊዮን ኮደርስ (የመንግሥት የኦንላይን የኮዲንግ ሥልጠና) ኮርስ ነፃ ነው፣ ለመነሻ ጥሩ። ሰርተፍኬቱ ብቻውን ግን ቀጣሪ አያሳምንም፤ የአንድ ሱቅ የዕቃ መመዝገቢያ ሠርታችሁ ጊትሃብ (ኮድ ለሌሎች የሚታይበት ድረ ገጽ) ላይ አስቀምጡ። ከኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመርቀው ሥራ የያዙ ሴቶችን ደግሞ ጠይቁ። አንዷን «ሜንተር (አማካሪ) ሁኚልን» ስትሏት ትሸሻለች፤ «በወር አንድ ሰዓት ኮዳችንን እዪልን» ካላችኋት እሺ ትላለች።