ኮምፒውተር ምህንድስና፦ አምስት ዓመቱ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?

ጠያቂዋ (ቀበሌ 14)፦
ሰላም የባሕር ዳር ልጆች። ታናሽ ወንድሜ ፍሬሽማን ጨርሶ ዲፓርትመንት ሊመርጥ ነው። ኮምፒውተር ምህንድስና ካልሆነ ይላል፤ ሌላ አይሰማም። አባታችን ደግሞ «አራት ዓመት ከምትቀመጥ ቴክኒክና ሙያ ግባና ቶሎ ራስህን ቻል» ይሉታል። ቤታችን ውስጥ እራት በሰላም ከተበላ ሳምንት ሆነው። ላፕቶፑንም የኪስ ገንዘቡንም የምችለው እኔ ነኝ። እውነቱን ንገሩኝ፤ ያዋጣል?

ባለ ጥገና ቤቱ፦
እህቴ፣ አባትሽ ልክ ናቸው። እኔ ሌቨል 4 ጨርሼ፣ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ወስጄ ስልክ ጥገና ከከፈትኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ተመራቂ «ልሞክር» ብሎ መጣ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ሰው አክባሪ። የማይበራ ስልክ ሰጠሁት። ወረቀት አውጥቶ ስለ ቮልቴጅ አንድ በአንድ አስረዳኝ፤ ያለው ሁሉ ትክክል ነው። መልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ይዞ ግን የት እንደሚነካ ግራ ገባው።

ቦርዱን አልኮል ቀባሁና ትንሽ ቮልቴጅ ሰጠሁት። የሰሊጥ ፍሬ የማታክል አንዲት ካፓሲተር ላይ ያለው አልኮል ከሌላው ቀድሞ ደረቀ። ሾርት ያደረገችው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ያለ አግባብ የምታሳልፈው እሷ ነበረች፤ ቀድሞ የደረቀው ስለምትግል ነው። አነሳኋት፣ ስልኩ በራ። ልጁ አንገቱን ደፋ። እኔም አንጀቴን በላኝ። ቤተሰብ አምስት ዓመት ሲገብር ይህን የሚያሳየው አንድ ሰው እንዴት ይታጣል?

የ2011 ተመራቂ፦
ወንድሜ፣ ያልከው እውነት ነው። እኔም ስወጣ እንደዛው ነበርኩ። ግን ሂሳቡን በደንብ እንሥራው።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ስትማር ወጪ መጋራት ትፈርማለህ። የትምህርቱን ወጪ 15 በመቶ፣ ምግብና ዶርሙን ሙሉ በሙሉ ነው የምትመልሰው። ሥራ ስትይዝ በየወሩ ቢያንስ የገቢህ 10 በመቶ ይቆረጣል። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የዲግሪ መነሻ ደሞዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ስለዚህ በወር 1,150 ብር ገደማ ነው። ኪስ ይነካል፤ ቤት ግን አያፈርስም። ዋናው ወጪ ዓመቱ ነው። ጓደኛህ ሠርቶ ሲበላ አንተ አሁንም ከቤት ትጠብቃለህ። እናቴ ብር በላከችልኝ ቁጥር ከምን እንዳጎደለችው አውቅ ነበር። ይህ ደግሞ ውሉ ላይ አልተጻፈም።

አሁን ደግሞ ያገኘሁትን ልንገርህ። ጣና ዳር ያለ አንድ ሆቴል ዋይፋዩ ማታ ማታ እንግዳ አላስገባ እያለ አስቸገራቸው። ራውተር ሦስት ጊዜ ቀይረዋል። ሄጄ አየሁት። ኔትወርኩ የሚያድለው ቢበዛ 253 አድራሻ ነው፤ እያንዳንዱ ስልክ ወይም ላፕቶፕ ለመገናኘት አንድ አድራሻ ይፈልጋል። አንድ እንግዳ ሁለት ስልክና ላፕቶፕ ይዞ ይመጣል፤ የወሰደውም አድራሻ ለ24 ሰዓት በስሙ ይቆያል። የሠርግ ቀን ማታ አድራሻው ያልቃል። የአድራሻውን ክልል አሰፋሁ፣ ቆይታውን ወደ ሁለት ሰዓት አወረድኩ። አንድ ብር ዕቃ አልተገዛም። ችግሩን ያየሁት ቺፑ ውስጥ ከሚደረገው ጀምሮ እስከ ኔትወርኩ ድረስ ስለተማርኩ ነው። ይኼ በኮርሱ ጊዜ ምን እንደሚጠቅም አይታወቅም፤ ኋላ ነው የሚመጣው።

ባለ ጥገና ቤቱ፦
ጥሩ ሠርተሃል፤ አልክድም። ግን እሱን የሦስት ወር የኔትወርክ ሥልጠናም ያስተምረዋል እኮ።

ከቤት የምትሠራ ፕሮግራመር፦
ሦስት ወር ሲባል ቀላል ይመስላል። እኔ ዲግሪ የለኝም፤ ዌብሳይት መሥራት የተማርኩት ከኢንተርኔት ነው። ነፃ ትምህርት ሞልቷል። በሐምሌ 2016 የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም ነፃ ነው። ብዙ ሰው «ታዲያ ዩኒቨርሲቲ ለምን?» ይላል።

እኔ እንደዛ አልልም። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ሲቋረጥ ደንበኞቼ አንድ በአንድ ሄዱ። ሥራዬ በሙሉ በኢንተርኔት ላይ ነበር። ለሌላ ሥራ ሳመለክት ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ዲግሪ ነው። ችሎታዬን ለማየት ላፕቶፔን እንድከፍት የጠየቀኝ አንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ነው። አገራችን ውስጥ ወረቀቱ በር ይከፍታል። ደስ አይልም፤ ግን እንደዛ ነው።

ላፕቶፑን በተመለከተ፦ ሐምሌ 22፣ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። የላፕቶፕ ዋጋም አብሮ ወጣ። ያገለገለ፣ ራሙ የሚጨመርበት ግዢለት። አዲስ ካልሆነ አትበይ።

የፋብሪካ ጥገና ባለሙያ፦
ሁላችሁም ስለ ስልክና ዌብሳይት ታወራላችሁ። የፋብሪካ ማሽን የሚያዘው ትንሽ ኮምፒውተር፣ ፒኤልሲስ? እኛ ጋ መስመር ሲቆም ፕሮግራሙን የሚያነብ ሰው እስኪመጣ ምርት ይቆማል። ልጁ እሱን ይያዝ።

መምህሩ፦
እዚሁ ባሕር ዳር አስተምራለሁ። ልጆቼ የምላችሁን አንድ ነገር ስሙኝ። ፖሊ ግቢ (የድሮው ፖሊቴክኒክ) በ1955 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ሲከፈት የቴክኒሻን ማሠልጠኛ ነበር። ብረታ ብረት፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ እንጨት ሥራ፣ ኤሌክትሪክ፣ የእርሻ መካኒክ ነበር የሚማሩት። ከፔዳ (ከመምህራን ኮሌጁ) ጋር ተዋህዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሆነው በ1992 ነው። ያ ግቢ የተመሠረተው በእጅ ሥራ ላይ ነው። ዛሬ እጅና ዲግሪ የተጣሉ አድርገን የምንከራከረው ለምንድን ነው?

ጥፋቱ የኛም ነው። ከ2001 ጀምሮ ከመቶ 70 ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ ሲባል ክፍሉ ሞላ፤ ላቦራቶሪው ግን በዚያው ልክ አላደገም። አንድ ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ሞገድ ማሳያ መሣሪያ) ለስምንት ተማሪ ሲሆን ሁለቱ ይነካሉ፣ ስድስቱ ይጽፋሉ። እዚያ ጥገና ቤት አንገቱን የደፋው ልጅ ከስድስቱ አንዱ ነው። ሰነፍ ስለሆነ አይደለም።

እህቴ፣ ሁለት ነገር አጣሪ። አንደኛ፣ ብዙ ቦታ ኮምፒውተር ምህንድስና ከኤሌክትሪካል ጋር ነው፤ ምርጫው ኋላ ሊመጣ ይችላል። ሶፍትዌር ብቻ ከፈለገ ሶፍትዌር ምህንድስናን ወይም ኮምፒውተር ሳይንስን ይይ፤ ያለዚያ ማይክሮፕሮሰሰርና ዲጂታል ሎጂክ የሚባሉት የሃርድዌር ኮርሶች ላይ ሲደርስ ይማረራል። ሁለተኛ፣ ከ2015 ወዲህ የመውጫ ፈተና አለ። ከመቶ 50 ካላመጣ ዲግሪውን አያገኝም። ሂሳብሽ ውስጥ አስገቢው።

አሜሪካ ያለሁ የሰፈር ልጅ፦
እዚህ ሁለቱን በስም ለይተውታል። «ኢንጂነሪንግ» ሂሳቡና ዲዛይኑ የሚጠብቅበት ነው፤ «ኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ» ደግሞ ላብና ተግባር የሚበዛበት። አቤት (ABET) የሚባለው የትምህርት ጥራት መዛኝ እንኳ ሁለቱን በተለያየ ኮሚሽን ነው የሚመዝነው። የሁለት ዓመቱን ተምረው ሥራ ይዘው፣ ኋላ የሚቀጥሉ አሉ። መንገዱ ሁለት ብቻ አይደለም።

የ2011 ተመራቂ፦
መምህር፣ ስለ ላቡ ስላመኑ አመሰግናለሁ። ይህን ከመምህር አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እኔ አፓረንትሺፕ (የተግባር ልምምድ) ስወጣ የተላክሁበት መሥሪያ ቤት አራት ወር ካርቶን ሲያሸክመኝ ነበር። ወረቀቴ ላይ ግን «በጣም ጥሩ» ተጻፈ። ዓመቱን የሚበላው ይኼ ነው፤ ትምህርቱ አይደለም። ለወንድምሽ ምክሬ፦ ይግባ፤ ግን ከዛሬ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ የሆነ ቦታ እጁን ያስገባ። አራተኛ ዓመትን አይጠብቅ።

ባለ ጥገና ቤቱ፦
እንግዲህ እኔም ልጨምር። ይኸው ልጅ፣ ያ ያልኳችሁ፣ ሦስት ወር ከቆየ በኋላ እኔ ያልቻልኩትን ሁለት ቦርድ ሠርቷል። እኔ በልምድ ነው የምሄደው፤ እሱ የቦርዱን የወረዳ ስዕል አንብቦ መስመሩን ይከተላል። ዛሬም አብሮኝ ነው። አባትሽን ልክ ናቸው ያልኩት ስለ ዓመቱ ነው፤ ትምህርቱን ንቄ አይደለም።

ወንድምሽን ቅዳሜ ከሰዓት ላኪልኝ። ክፍያ የለም፤ ብየዳውን እኔ አሳየዋለሁ፣ ስዕል ማንበቡን ያ ልጅ ያሳየዋል። ክረምቱን ይይና ከዚያ ከአባቱ ጋር ይነጋገሩ።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። የጻፋችሁትን ለአባባ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። መምህሩ ስለ ፖሊ የተናገሩት ላይ ስደርስ «ድገሚው» አሉኝ። እሳቸው ያን ጊዜ ፖሊ መግባት ፈልገው ሳይሆንላቸው የቀሩ ሰው ናቸው፤ ለኛ ነግረውን አያውቁም ነበር። ቅዳሜ ሦስታችንም እንመጣለን።