ዎከር የሚለው የእንግሊዝ ስም «ተራማጅ» ማለት ነው?

ከሊድስ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ዮርክሻየር ነው። እዚህ በሄድኩበት ሁሉ ዎከር የሚባል ሰው አይጠፋም፤ መሥሪያ ቤት ዎከር፣ የልጄ ትምህርት ቤት ዎከር፣ ቧንቧ ሊጠግን የመጣውም ዎከር። ስሚዝ ብረት ቀጥቃጭ፣ ቤከር ዳቦ ጋጋሪ እንደሆነ አውቃለሁ። መራመድ ግን ምን ዓይነት ሥራ ነው? የጆኒ ዎከር ጠርሙስ ላይ ያለው ሰውዬም ከዘራውን ይዞ ይራመዳል። የምታውቁ እስቲ አስረዱኝ።

የሽሮሜዳ ልጅ፦
እግርስ አለበት፣ ግን መንገድ ላይ ሳይሆን ጨርቅ ላይ ነው። ዎከር ማለት ሱፍ ረጋጭ ነው። የሱፍ ጨርቅ ከሸማኔው እጅ ሲወጣ ሳሳ ያለ፣ የበጉም ቅባት ያልለቀቀው ነው። ገንዳ ውስጥ ይከቱትና ውሃ፣ ቅባት የሚመጥ አፈርና የቆየ ሽንት ይጨምሩበታል። አዎ፣ ሽንት። ሲቆይ አሞኒያ ስለሚያወጣ ቅባቱን ያስለቅቃል። ከዚያ ሰውዬው በባዶ እግሩ ይገባና ለሰዓታት ይረግጠዋል፣ ያገላብጠዋል፣ መልሶ ይረግጠዋል፤ ሱፉም እየተኮማተረ ይወፍርና ክሮቹ ተያይዘው ብርድ በቀላሉ የማያልፈው ጨርቅ ይሆናል። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ዌልካን» ማለት ማንከባለል፣ ማገላበጥ ነበር። በእግር መሄድ የሚለው ትርጉም የመጣው ኋላ ላይ ነው። ስሙ የያዘው የድሮውን ሥራ ነው።

ጆን ዎከር ደግሞ በ1820 ስኮትላንድ ውስጥ ኪልማርኖክ ላይ ግሮሰሪ የከፈተ ነጋዴ ነው። ተራማጁን ቶም ብራውን የሚባል ሠዓሊ የሳለው በ1908 ነው። ሥዕሉ ከስሙ የዛሬ ትርጉም ተነሥቶ የተሳለ ማስታወቂያ ነው እንጂ የስሙን ታሪክ አይነግርህም።

ዴቨን ነኝ፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም በጣም የምወደው ጉዳይ ነው። ይሄው ሥራ በየአገሩ ሌላ ሌላ ስም ነበረው። ሰሜን ዎከር፣ ደቡብ ምሥራቅ ፉለር፣ እኛ ጋ ዴቨንና ሱመርሴት ደግሞ ታከር። ፉለር ከላቲን የመጣ ነው። ታከር ግን ማሠቃየት ከሚል የጥንት ቃል ነው፤ ጨርቁ የሚደርስበትን ድብደባ አስቡት! ኤክሰተር ከተማ ውስጥ በ1471 የተሠራው የማኅበራቸው አዳራሽ፣ ታከርስ ሆል፣ ዛሬም ቆሟል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ውሃ የሚያንቀሳቅሳቸው መዶሻዎች መጥተው የእግሩን ሥራ ቀስ በቀስ ወሰዱት። ዌልስኛ እነዚህ መዶሻዎች ያሉበትን የውሃ ወፍጮ «ፓንዲ» ይለዋል፣ ቶኒፓንዲ የምትባለው ከተማም ስሟን ያገኘችው ከዚያ ነው። እኛ የምንጠራው በአባት ስም ስለሆነ የአያት ቅድመ አያት ሙያ ከስማችን ላይ አይነበብም። እነሱ ጋ ግን ሥራው ከጠፋ በኋላ ስሙ ብቻውን ስንት መቶ ዓመት ተጓዘ።

መምሬ፦
እኛም እናውቀዋለን እኮ። ማርቆስ 9፥3ን አንብቡ፤ ጌታ በተራራው ላይ ሲገለጥ ልብሱ በምድር ያለ «አጣቢ» ሊያነጣው እስከማይችል ድረስ ነጭ ሆነ ይላል። በ1611ዱ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ እዚያ ቦታ ላይ ያለው ቃል ፉለር ነው።

የሽሮሜዳ ልጅ፦
መምሬ እግዜር ይስጥልን፣ ይሄን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ጨርቁ ተረግጦ ሲያበቃ ደግሞ «ቴንተር» በሚባል የእንጨት አጥር ላይ በመንጠቆ ወጥረው ያደርቁታል። እንግሊዞች ሰው በጭንቀት ሲጠብቅ «በቴንተር መንጠቆ ላይ ነው» የሚሉት ከዚያ ተነሥተው ነው፤ እኛ ልቡ ተንጠልጥሏል እንደምንለው።

ከኒውካስል፦
እዚህ ዎከር የሚባል ሰፈር አለ። እሱ ከሱፍ ጋር አይገናኝም፣ የሮማውያን ግንብ አጠገብ ያለ ረግረግ ማለት ነው። እንዳይምታታባችሁ።

ከሊድስ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሊስተር የሚለው ስምስ? እሱም እዚህ ሞልቷል። ከኛ ሊስትሮ ጋር ይገናኛል?

ዴቨን ነኝ፦
አይገናኝም። ሊስትሮ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፣ ማንጸባረቅ ከሚለው። ሊስተር ግን ጨርቅ ቀላሚ ነው፣ እንደ ዳየር። አፍ መጉመጥመጫው ሊስትሪን የተሰየመው በሐኪሙ ጆሴፍ ሊስተር ነው። ዌብስተር ካጋጠመህ ደግሞ ሸማኔ ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለው «ስተር» መጀመሪያ ላይ ለሴት ሠራተኞች የሚነገር ነበር።