ኒቆዲሞስ የምትባለው የካንሳስ ትንሽ ከተማ የቀድሞ የሕዝብ ቁጥር ከየት ይገኛል?

ጠያቂ (የጭነት መኪና ሾፌር፣ ዴንቨር)፦
ጤና ይስጥልኝ። በ24 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ስመላለስ ኒቆዲሞስ የሚል ምልክት አያለሁ። ዙሪያው ስንዴ እና ሣር ብቻ ነው፤ የእኛን የዐቢይ ጾም ሰባተኛ እሑድ ስም እዚያ ማግኘቴ ሁልጊዜ ይገርመኛል። የስምንተኛ ክፍል ልጄ ደግሞ አንዲት ትንሽ ከተማ መርጣ የሕዝቧን ቁጥር በየአሥር ዓመቱ በግራፍ እንድታሳይና የተለወጠበትን ምክንያት እንድታስረዳ ታዘዘች። ይህችን መረጠች። ነገር ግን ያገኘነው የ2020ን ቁጥር ብቻ ነው፤ 14 ሰው ይላል። የቀደሙት ዓመታት ባዶ ናቸው። ሥራው የሚረከበው ሰኞ ስለሆነ የምታውቁ ብትረዱን። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው።)

መልስ 1 (የቤተ መዛግብት ሠራተኛ)፦
ወንድሜ፣ ባዶ የሆነው ሰው ስላልነበረ አይደለም። ኒቆዲሞስ የራሷ ማዘጋጃ ቤት ያላት ከተማ አይደለችም፤ ስለዚህ በድሮዎቹ ቆጠራዎች ለብቻዋ አትፈልጓት። ነዋሪዎቿ የሚቆጠሩት በግራሃም ካውንቲ (ግዛቲቱ ከተከፈለችባቸው አስተዳደሮች አንዱ) ውስጥ ባለው በኒቆዲሞስ ታውንሺፕ ሥር ነው። የየአሥር ዓመቱን የታተመ የቆጠራ መጽሐፍ ክፈቱ፤ የካንሳስን ክፍል፣ ቀጥሎ ካውንቲዎቹን በታውንሺፕ የሚዘረዝረውን ሠንጠረዥ ፈልጉ። መጻሕፍቱ በፎቶ ተነሥተው በቆጠራ ቢሮው ድረ ገጽ በነፃ ይገኛሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ታውንሺፕ ማለት ከተማዋና በዙሪያዋ ያለው እርሻ በአንድነት ነው። 14 የሚለው ግን የመንደሯ ብቻ ነው። ሁለቱን በአንድ መስመር ካገናኛችኋቸው ግራፉ ይዋሻል። በሁለት ቀለም ይለዩ።

መልስ 2 (ተማሪ)፦
የ1890 ቆጠራ በዋሽንግተን በ1921 በተነሣ እሳት ጠፍቷል። ያንን ዓመት ይዝለሉት።

መልስ 3 (የቤተ መዛግብት ሠራተኛ)፦
የጠፋው የእያንዳንዱ ሰው ስም የተጻፈበት ቅጽ ነው። ድምሩ ከእሳቱ በፊት ታትሞ ወጥቶ ነበር። ለግራፍ የሚያስፈልገው ድምሩ ስለሆነ መዝለል አያስፈልግም። ስም በስም ለሚፈልግ ደግሞ ዝርዝሩ ለሕዝብ የሚከፈተው ከ72 ዓመት በኋላ ነው፤ የ1950ው በ2022 ተከፍቷል። በመሀል ያለውን ለመሙላት ካንሳስ ራሷ በ1885፣ በ1895፣ በ1905፣ በ1915 እና በ1925 ያካሄደቻቸው ቆጠራዎች አሉ።

መልስ 4 (የቶፔካ ነዋሪ)፦
ቁጥሩን አግኝታችኋል፤ ምክንያቱን እኔ ልናገር።

ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1877 ነው። ከባርነት የወጡ የኬንታኪ ጥቁሮች ነፃ መሬት አለ ሲባሉ መጡ። በመስከረም የደረሰው ቡድን 300 ያህል ሰው ነበር። እስከ ኤሊስ ከተማ በባቡር፣ ከዚያ በሣሩ ሜዳ ላይ በእግርና በጋሪ ተጓዙ። ሲደርሱ ከተማ የሚባል ነገር የለም፤ ቀድመው የመጡት መሬት ቆፍረው በጉድጓድ ቤት ይኖሩ ነበር፣ የሚታየው ከምድር የሚወጣ ጢስ ብቻ ነው። ተስፋ ቆርጠው የተመለሱም አሉ። ዛፍ የለ፣ ማረሻ የለ፣ ከብት የለ፤ የመጀመሪያውን ክረምት ያለፉት ከአደን የሚመለሱ ኦሴጅ የተባሉ የአገሩ ነባር ሕዝቦች ካካፈሏቸው ምግብ ጭምር እንደሆነ ይተርካሉ።

በ1862ቱ የመሬት ሕግ አምስት ዓመት ኖሮበት ላረሰ ሰው 160 ኤከር ይሰጠው ነበር፤ በእኛ ልኬት ከአንድ ጋሻ ተኩል ይበልጣል። ትናንት ራሱ የሌላ ሰው ንብረት ለነበረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልጅሽ፣ ይቅርታ፣ ልጅህ ታስብበት። በአሥር ዓመት ውስጥ ሆቴል፣ ትምህርት ቤት፣ አብያተ ክርስቲያናት፣ ሁለት ጋዜጦች ነበሯቸው። ከዚያው ሰፈራ የመጣው ኤድዋርድ ማኬብ በ1882 የግዛቲቱ ኦዲተር ሆኖ ተመርጧል።

ከዚያ ባቡሩ መጣ፤ ይልቁንም ሳይመጣ ቀረ። በ1887 ሕዝቡ ሚዙሪ ፓስፊክ የተባለውን ኩባንያ ለማምጣት የ16,000 ዶላር ቦንድ አጸደቀ። ኩባንያው ተወው። በ1888 ዩኒየን ፓስፊክ ሐዲዱን ከሰለሞን ወንዝ ማዶ አሳለፈው፤ የሠራተኞቹ ሰፈር ዛሬ ቦግ የምትባለው ከተማ ሆነ። ነጋዴዎቹ ሱቃቸውን ይዘው ወደዚያ ተሻገሩ። ገበሬዎቹ ግን ቀሩ፤ ለዚህ ነው ታውንሺፕና መንደር መለየት አለበት የተባለው ትክክል የሚሆነው። የ1930ዎቹ ድርቅና የኢኮኖሚ ውድቀት ደግሞ ገበሬውንም አስነሣው። ፖስታ ቤቱ በ1953፣ ትምህርት ቤቱ በ1960 ተዘጉ።

ስሙን በተመለከተ፦ ከመጽሐፍ ቅዱሱ የተወሰደ ነው የሚሉ አሉ፤ በባርነት መጥቶ ነፃነቱን በገንዘቡ ከገዛ የአፈ ታሪክ ሰው ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱንም ትጻፍ።

መልስ 5 (ድሬዳዋ የተወለደ)፦
ሐረር ተራራ ላይ ስለሆነች ባቡሩ ሳይወጣ ቀረ፣ በ1902 ድሬዳዋ ተወለደች። ሐረር ግን አልሞተችም። ልዩነቱ ሐረር በዚያን ጊዜ የብዙ መቶ ዓመት ከተማ ነበረች፤ ኒቆዲሞስ ደግሞ ገና የ11 ዓመት ልጅ።

መልስ 6 (ጎብኚ)፦
ወንድሜ፣ በምልክቱ በኩል ዝም ብለህ አትለፍ፣ ቁም። ቦታው ከ1996 ጀምሮ ብሔራዊ የታሪክ ስፍራ ነው፤ አምስት አሮጌ ሕንፃዎች ተጠብቀዋል፣ መግቢያ አይከፈልም። የጎብኚዎች ቢሮ በታውንሺፕ አዳራሹ ውስጥ ነው፤ ጠባቂዎቹ ጥያቄ ይወዳሉ። በሐምሌ መጨረሻ ደግሞ የሰፋሪዎቹ ዘሮች ከየግዛቱ ለነፃነት በዓል ይሰበሰባሉ። የዚያን ሳምንት መጨረሻ ቆጣሪ ቢመጣ 14 ብሎ አይጽፍም።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የታውንሺፕ ሠንጠረዦቹን አግኝተን ግራፉን በሁለት ቀለም ሠራን። ልጄ 1888ን በቀይ አስምራ «ሐዲዱ እዚህ ነው» ብላ ከወንዙ ማዶ አንድ መስመር ሣለችበት። አሁን የምትጠይቀኝ፣ በ1877 የደረሱት ሰዎች ግራፉ ላይ ለምን አይታዩም ነው። ቆጠራው በ1880 ስለሆነ ነው ብላት አልተቀበለችኝም፤ ከግራፉ ግርጌ «300 ሰው፣ ገና ያልተቆጠሩ» ብላ ጨመረች። ሐምሌ ላይ ይዣት እሄዳለሁ።