ፎቶው ከመስታወቱ ጋር ተጣብቋል፤ እንዴት ላላቅቀው?

እባካችሁ፣ የምታውቁ ካላችሁ እርዱኝ። የእናቴና የአባቴ የሠርግ ፎቶ 30 ዓመት ያህል በአንድ ፍሬም ውስጥ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖሯል። ሰሞኑን ፍሬሙ ስለላላ ልቀይረው ብዬ ከኋላ ስከፍተው ፎቶው ከመስታወቱ ጋር ተጣብቋል። ጠርዙን በጥፍሬ ቀስ ብዬ ነካ ሳደርገው ከእናቴ ቬሎ ጫፍ ላይ ትንሽ ቀለም ተላጠ። ስር ያለው ነጭ ወረቀት ብቅ አለ። ወዲያው እጄን ሰበሰብኩ።

ምክንያቱ አሁን ገብቶኛል። የፎቶ ወረቀት ፊቱ ላይ ጄላቲን የሚባል ስስ ሽፋን አለው፤ እርጥበት ሲያገኘው ይለሰልስና መስታወቱ ላይ ይለጠፋል። በመሃል የካርቶን ክፈፍ ቢገባበት ኖሮ አይነካኩም ነበር።

አንዱ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው ይለኛል፣ ሌላው በፀጉር ማድረቂያ አሙቀው ይላል። ሁለቱንም ፈራሁ። ኔጋቲቩ የለም፣ ሌላ ኮፒም የለንም። ለጊዜው ከነመስታወቱ ስካን አድርጌዋለሁ።

ፎቶው ፎቶ ቤት የታጠበ ነው፣ በፕሪንተር የታተመ አይደለም። እንዲህ ደርሶበት በደህና ያላቀቀ አለ? ወይስ ከነመስታወቱ አዲስ ፍሬም ውስጥ ልመልሰው? እናቴ ባዶውን ግድግዳ እያየች በየቀኑ ትጠይቀኛለች።